በመጋረጃ የተከፈለ ዘፈን

ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ሰርግ ላይ ቆማ የዋለች፣ ግን አንድ ቀን እንኳ አጨብጭባ ወይም አንድ ዘፈን አንጎራጉራ የማታውቅ ሴት፣ የንብረቷን እኩሌታ ሸጣ ሙዚቃ የገዛችው ለምንድን ነው?

ሸማ ተራ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሲጠይቅ ኖሯል። የመለሰው ግን የለም። ትርፍ ፈልጋ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ድስት ከዘፈን የበለጠ እንደሚያዋጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በልጅነቷ ወሎ ሳለች የሰማችው አንድ ነገር በሆዷ ቀርቶ ነው የሚሉም ነበሩ። ራሷን ጠሂራ እንድሪስን የጠየቃት ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ "ዕቃ ነው። እንደ ዕቃ ገዛሁት።" ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አይወጣትም። እንግዲህ ጥያቄው ባለበት ይቆይ፤ የሚታወቀው ይነገር።

ጠሂራ ከባቲ ወዲህ ካለ መንደር፣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው መርካቶ የገባችው። እናቷ ሁለት ትላልቅ የብረት ድስት ነበራት፤ ሰርግ ላለው ሰው ታከራያለች። ጠሂራ አድጋ አገባች፤ ባሏ ወደብ ሥራ አለ ብሎ ሄዶ በዚያው ቀረ። እናቷ ስትሞት ድስቶቹ ለእሷ ደረሱ። እሷም ጨመረችባቸው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ሳፋ፣ ጭልፋ፣ የድንኳን ሸራ። ዕድሜዋ አርባ ሲጠጋ በሰፈሩ ውስጥ ልጁን የዳረ ሁሉ በእሷ ድስት ቀቅሎ ነበር።

የሥራዋ ምሥጢር ጨርቅ ነበር። በሸማ ተራና በጎጃም በረንዳ መካከል ክርስቲያኑና እስላሙ ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል፤ አንዱ ሲድር ሌላው ይጠራል። ሥጋው ግን አይገናኝም፤ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል። ስለዚህ ጠሂራ ሁለት ወገን ድስት ነበራት። በእስላሙ ድስት ጆሮ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስራለች፣ በክርስቲያኑ ላይ ቀይ። አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም። ሰው ከእሷ የሚከራየው ድስቱን ብቻ ሳይሆን ይህን እምነት ጭምር ነበር።

በሰርጉ ቀን ጠሂራ አትቀመጥም። ድስቷን፣ ወንበሯን፣ ሳፋዋን በዓይኗ እየጠበቀች ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ትመላለሳለች። ሲዘፈን ፊቷ አይፈታም። ሴቶቹ "ነይ ግቢ እንጂ!" ብለው ቢጎትቷት "ዕቃዬን ማን ይጠብቅልኛል?" ትላለች።

በዚያ ዘመን የሰርጉ ሙዚቃ የቦጋለ ነበር። ቦጋለ የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ የሚይዝ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ ጎልማሳ ነው። ማጉያው የመለከት ቅርጽ ያለው ነጭ ቆርቆሮ ሲሆን ሳምንቱን ሙሉ ለስብሰባ ሲጮህ ሰንብቶ እሁድ እሁድ በቦጋለ እጅ ለሰርግ ይወጣል። ሥራው ቢቀየርም ድምፁ አይቀየርም። ሙሽራ ሲያሞግስም ሰው የሚሰማው "ጓዶች" የሚል ይመስለዋል። በሸማ ተራ ትልቁ የጋቢና የነጠላ ነጋዴ የሐጂ ቡርሃን የመጀመሪያ ልጅ ስትዳር፣ ዘፈኑ ደርቶ ሳለ ቦጋለ ካሴቱን አቋርጦ፣ "ነገ ጠዋት የጽዳት ዘመቻ ስላለ መጥረጊያ ይዛችሁ እንድትወጡ" ብሎ አወጀ። ድንኳኑ ሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሐጂ ቡርሃን ግን አልሳቁም። ጠሂራ ያን ቀን የሐጂን ፊት አይታ ነበር።

በሰባ አምስት ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ ሐጂ ሁለተኛ ልጃቸውን ሁሪያን ለጥር ሊድሩ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ጠሂራ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሱቃቸው ሄደች።

"ሐጂ፣ ድስቱን እንደ ወትሮው አመጣለሁ። ዘንድሮ ግን ዘፈኑንም እኔ ላምጣ።"

ሐጂ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። "አንቺ? ዘፈን?"

"የቦጋለ አይደለም፤ ደህና ሙዚቃ። የቤት ሙዚቃ።"

"አለሽ?"

"እገዛለሁ።"

ሐጂ የሚያጥፉትን ጋቢ አስቀመጡ። "ወላሂ፣ ከዚያ ቆርቆሮ የሚገላግለኝ ሰው ካለ ምርቃቴን አልነፍገውም። ግን ስሚኝ። የወንዱ ድንኳንና የሴቱ ድንኳን መሀል መጋረጃ አለ። እሱ አይነካም። አባቴም እንደዚያው ዳረኝ። ዘፈኑን ደግሞ ሁለቱም ወገን እኩል ይስማ። አንዱ ጠግቦ ሌላው ከጎደለበት፣ ቅሬታው ሰርጉ ካለፈ በኋላ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው።"

"እኩል ይሰማሉ።"

"ቦጋለን በር ላይ አቆመዋለሁ፤ ካልሆነ እዚያው አስገባዋለሁ።"

"ይቁም" አለች ጠሂራ።

በሳምንቱ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸውን ድስቶች በሙሉ፣ ከአግዳሚ ወንበሮቿ ጋር ሸጠች። አረንጓዴዎቹን ግን የእናቷ ሁለቱ ድስቶች ስላሉባቸው መሸጥ አልቻለችም። ይህን የሰማችው ጎረቤቷ ሸዋገነት፣ የጎጃም ሰው ናትና አፏ አያርፍም፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

"እኔስ? በሚያዝያ ልጄን ስድር በምን ልቀቅል?"

"በሌላ ሰው ድስት።"

"የሌላ ሰው ድስት የማን ሥጋ እንደተቀቀለበት በምን አውቃለሁ? አንቺን ነው የማምን! አሁንማ ዶሮዬን በካሴት ልጠብስ ነው!"

ሸዋገነት ያለችው እውነት ነበር። ሙዚቃው ባይሳካ የክርስቲያን ሰርግ ከእጇ ወጥቷል። የሐጂ ሰርግ ቢበላሽ ደግሞ የእስላሙም ይወጣል፤ በሸማ ተራ የሐጂን ሰርግ ያበላሸን ሰው ማንም ደፍሮ አይጠራም። ከዚያ በኋላ የሚቀራት፣ እናቷ ይዛት ወደገባችው ድህነት መመለስ ነበር።

ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው ሙደሲር ሱቁ ከሸማ ተራ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይተላለፍበት መተላለፊያ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ደህና የሙዚቃ ዕቃ እንደ ስኳር በተራ እንኳ አይገኝም። የሚገኘው አሰብ ላይ ከመርከበኛ እጅ ወጥቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በሙደሲር ዓይነቱ ሰው በኩል ነው። ጠሂራ የያዘችውን ገንዘብ ስትነግረው ወጣቱ ጭንቅላቱን አከከ።

"በዚህ ሁለት ነገር አለ፤ ከሁለት አንዱን። ሁለቱን አይሆንም።"

"አሳየኝ።"

"እዚህች በርጩማ ላይ ይቀመጡ፣ እትዬ ጠሂራ። መሀል ላይ። እዚያ፣ አዎ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ።"

"ዓይኔን ጨፍኜ ቦርሳዬን ማን ይጠብቅልኝ?"

"እኔ እጠብቃለሁ።"

"እሱን ነው የፈራሁት።"

ቢሆንም ጨፈነች። ሙደሲር አራት ትንንሽ ስፒከሮችን በሱቁ አራት ማዕዘን ሰቅሎ ነበር። ቴፑን ለቀቀው። ጠሂራ ከፊቷ ማሲንቆ ሰማች፤ ከቀኟ ዘፋኝ። ወዲያው ከጀርባዋ ጭብጨባ ሲነሳ ደንግጣ ዞረች።

"ከኋላዬ ማን አጨበጨበ?"

ሙደሲር በደስታ ተፍለቀለቀ። "ማንም የለም! ባለ አራት ድምፅ ነው። ዘፈኑ ከፊትዎ አይመጣም፤ መሀሉ ያስገባዎታል። እዚህ አገር ሁለተኛው ያለ አይመስለኝም።"

ቀጥሎ ሌላውን አሳያት። ሁለት ትላልቅ ስፒከሮች፣ የልጅ ቁመት ያላቸው፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ። ስቴሪዮ። ድምፃቸው ወፍራምና ጥርት ያለ ነው፤ የደረቷን አጥንት ነካው። ግን ከኋላዋ የሚያጨበጭብ አልነበረም።

"የቱን ልስጥዎ?"

"ልሂድና ልምጣ" አለች።

ያን ሌሊት አልተኛችም። የሚቀጥለውንም አልተኛችም። ሰዓት እላፊው ገብቶ መንገዱ ጭር ሲል፣ እሷ ጣራ ጣራ እያየች አራቱንና ሁለቱን ታመዛዝናለች። አራቱ ይሻላሉ፤ ለወንዱ ሁለት፣ ለሴቱ ሁለት ይደርሳል። ደግሞ ያ ከጀርባዋ የተነሳው ጭብጨባ አልለቅ አላት። ሁለቱ ይሻላሉ፤ ጉልበት አላቸው፣ የሰው ጫጫታ አይውጣቸውም። ሲነጋ ተመልሳ ሄደች።

"አራቱን እንደገና ልቀቀው። በርጩማውን ተወው፤ ቆሜ ነው የምሰማው።"

ለቀቀው። ጠሂራ ወደ አንዱ ማዕዘን ሄዳ ቆመች። ጭብጨባ ብቻ። ወደ ሌላው ሄደች። ማሲንቆ ብቻ፤ ዘፋኙ ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው።

"ሙደሲር፣ ይሄ ነገር የሚሰማው መሀል ለተቀመጠ ሰው ነው።"

"እንግዲህ መሀል መቀመጥ ነዋ!"

"በሰርግ መሀል የሚቀመጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ? መሀሉ የወጥ አሳላፊ ነው። ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ነው የሚቀመጠው። አንተ የምትሸጥልኝ ለአንድ ሰው የተሠራ ዘፈን ነው። እኔ ሰፈር ነው የማስተናግደው።"

ሙደሲር ቴፑን አጠፋ። "ይሁን። ሁለቱን ልጠቅልልዎ?"

"ሁለቱን። ሽቦውን ግን ረጅም፣ በጣም ረጅም አድርገህ ቁረጥልኝ።"

ሙደሲር ገና ያላገባ፣ የሰርግ መጋረጃ ትዝ የማይለው ልጅ ነው፤ ሽቦው ለምን እንደረዘመ አልጠየቃትም። ጠሂራም አራቱን በየማዕዘኑ ዞራ ብትሰማም፣ ሁለቱን አንድ በአንድ ለይታ መስማት አልታሰባትም። መደርደሪያው ላይ አጠገብ ለአጠገብ ሆነው ያማረ ድምፅ ሰጥተዋታል፤ ሌላ ምን ትጠርጥር? አንዱ ለወንዱ፣ አንዱ ለሴቱ። እኩል።

የሰርጉ ቀን እሁድ ነበር። በሐጂ ግቢና በፊት ለፊቱ መንገድ ላይ ሁለት ድንኳን ጎን ለጎን ተተክሎ፣ መሀላቸው ላይ ወፍራም መጋረጃ ወርዷል። ለአሳላፊዎች መግቢያ አንድ ጠርዙ ብቻ ተከፍቷል። ጠሂራ አንዱን ስፒከር ከወንዶቹ ድንኳን ምሰሶ አጠገብ፣ ሌላውን ከሙሽራዋ ወንበር ጎን አቆመች። ቴፑ መግቢያው ጋ፣ ከእሷ እጅ ሥር ሆነ። ቦጋለ ቆርቆሮ መለከቱን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል።

"ጠሂራ ድስቷ! ዛሬ ምን ልትቀቅዪልን ነው?"

"ጋሽ ቦጋለ፣ ምሳዎን ይብሉ።"

"የለም፣ እኔ ተረኛ ነኝ። ካንቺ ቀጥሎ።"

ሰዉ ከምሳ ሲነሳ ጠሂራ ቢስሚላህ ብላ ቴፑን ተጫነችው። አዲስ ካሴት ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚወደው የወሎ የሰርግ ዘፈን።

በወንዶቹ ድንኳን ከበሮው ገባ። ማሲንቆው ገባ። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ዘፋኙን ጠበቀ። ማሲንቆው ዞሮ ተመለሰ፤ ከበሮው ዞሮ ተመለሰ። ዘፋኝ የለም።

"ይሄ መግቢያ አያልቅም እንዴ?" አለ አንዱ።

"ዘፋኙ ምሳ ላይ ነው" አለው ሌላው።

በሴቶቹ ድንኳን ደግሞ አንድ ወንድ ያለ ከበሮ፣ ያለ ማሲንቆ፣ ብቻውን ይጮኻል። ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። ጥቂት ዘፍኖ ዝም ይላል፤ ዝም ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ ድንገት እንደ ባነነ ሰው ይጀምራል። ሴቶቹ በሳቅ ተንከተከቱ።

"ምስኪን! ጓደኞቹ ጥለውት ሄደው ነው!"

"ሳንቲም ስጡትና ይሂድ!"

ሁሪያ በመሸፈኛዋ ውስጥ አንገቷን ደፋች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልታወቀም።

ጠሂራ ወደ ቴፑ ጎነበሰች። ሽቦውን ነካካች፤ ደህና ነው። ድምፁን ጨመረች፤ ባሰ። ወደ ወንዶቹ ሮጠች፣ ወደ ሴቶቹ ሮጠች። ሐጂ ቡርሃን ከሽማግሌዎቹ መሀል ሆነው በመነጽራቸው ላይ ያዩዋታል። አይቆጡም፤ ያያሉ ብቻ። ይህም ከቁጣ ከፋባት። ቦጋለ ከበሩ ላይ መለከቱን ከትከሻው አውርዶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሀሎ። ሀሎ። አንድ፣ ሁለት። ልግባ ሐጂ?"

በዚያች ሰዓት ጠሂራ ሳፋ ተሸክማ ከመጣች አሳላፊ ጋር በመጋረጃው ቀዳዳ ላይ ተጋጨች። መንገድ ለመልቀቅ ጠርዙን ይዛ፣ አንድ እግሯን ወዲያ አንዱን ወዲህ አድርጋ ቆመች። እዚያ ላይ ነው ዘፈኑ የተሟላው። ከግራ ከበሮውና ማሲንቆው፣ ከቀኝ ዘፋኙ መጥተው በእሷ ራስ ላይ ተገናኙ። ካሴቱ ሲቀዳ ዘፋኙን ለአንዱ ስፒከር፣ መሣሪያውን ለሌላው አድርገው ኖሯል። በሙደሲር መደርደሪያ ላይ ተጠጋግተው የተስማሙት ሁለት ሳጥኖች በመጋረጃ ተለያይተው፣ አንዱ ግማሹን ሌላው ግማሹን ይዟል። እኩል ማካፈሏ እውነት ነው፤ ግን አካፈልኩ ስትል ሰንጥቃዋለች።

ሁለቱንም ወደ ወንዶቹ ብትወስድ ሴቱ ባዶ ይቀራል። ወደ ሴቶቹ ብትወስድ የሐጂ ቃል ይሰበራል። መጋረጃው አይነካም። ቦጋለ አንድ እግሩን አስገብቷል።

ጠሂራ በቀዳዳው ላይ ቆማ ሁለቱን ድንኳን ተራ በተራ አየች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች፤ በሕይወቷ ሰርግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የተናገረችው ያኔ ነው።

"ምን ያስቃችኋል? ከበሮውን ለወንዶቹ ሰጥተናቸው ነው! እናንተ እጅ የላችሁም? ድቤው የት አለ?"

ሴቶቹ ተያዩ። ሸዋገነት፣ ያቺ አፈኛ ጎረቤት፣ ፊት ለፊቷ የነበረውን ባዶ ሳፋ ጭኗ ላይ ገለበጠችና በሁለት እጇ መታችው።

"የድስቴን ነገር በኋላ እንተሳሰባለን!" አለቻትና ዘፋኙ የሚራመድበትን ምት ያዘች። አንዲት አሮጊት ድቤውን፣ የሴቶቹን ከበሮ፣ ከቤት ከአልጋ ሥር አውጥተው ገቡ። ጭብጨባው ተነሳ። ያ ብቸኛ ሰው ድንገት ባለ ወገን ሆነ፤ እሱ አንድ ሲል አርባ ሴት ተቀበለው።

ጠሂራ ወደ ወንዶቹ ዞረች። በወንዶች ድንኳን መሀል የምትናገር ሴት ታይታ አትታወቅም። ግን ቦጋለ አፉን መለከቱ ላይ አድርጎ ነበር።

"ሐጂ!" አለች። "ዘፋኙን ለሴቶቹ ሰጥቼዋለሁ። ለእናንተ የሰጠሁት ከበሮውንና ማሲንቆውን ነው። ግጥም ከዚህ ድንኳን ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም።"

ማሲንቆው ብቻውን ይዞራል። ሰዎቹ ከንፈራቸውን ነክሰው የሐጂን ፊት ያያሉ። ሐጂ ቡርሃን መነጽራቸውን አወለቁ። በወጣትነታቸው በወሎ መንዙማ የሚያወጡ፣ ድምፃቸው ከመንደር መንደር የሚጠራ ሰው ነበሩ ይባላል፤ መርካቶ ከገቡ ወዲህ ግን ከሽያጭ ቃል በቀር ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ የለም። ማሲንቆው አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛውን ሊጀምር ሲል ዓይናቸውን ጨፍነው ገቡበት።

"በሬን አልዘጋውም ልጄን ዳርኩኝ ብዬ፣
ነገ ትመጣለች ትለኛለች አብዬ።"

ድምፁ ሻካራ ነበር፤ መሀሉ ላይም ተሰበረ። ግን ምቱን አልሳተም። ሽማግሌዎቹ በአንድ አፍ ተቀበሉት። ወጣቶቹ ተነሱ። ዘፈኑ መጋረጃውን አልፎ ሲሄድ ወዲያ ማዶ ጸጥታ ሆነ፤ ሴቶቹ የማን ድምፅ እንደሆነ ለይተው ነበር። ሁሪያ መሸፈኛዋን ገለጠች። ከዚያ እልልታው ፈነዳ፤ በእልልታው መሀል የሸዋገነት ድምፅ ወጣ፦

"አብዬ አይስጉ በሩም ክፍት ይደር፣
ሁሪያ የት ሄደች ከዚህ ከኛው መንደር!"

"ማሻአላህ!" አሉ ሽማግሌዎቹ። "መልስ መጣ! መልስ መጣ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል የሚናገር ሰው የለም። ወንዶቹ አንድ ግጥም ይወረውራሉ፣ ሴቶቹ ሌላ ይመልሳሉ። ካሴቱ አልቆ ሲገለበጥ ሰዉ አላወቀውም። መጋረጃው ባለበት ቆሟል፤ ማንም አልነካውም፤ ግን የዚያን ቀን የተለያየ ሰው አልነበረም። ሰው በየዳሩ ተቀምጦ ሳለ፣ የማዶው ዘፈን ከጀርባው እየመጣ መሀል ያስገባው ነበር። ከጎጃም በረንዳ ጋሪ የሚገፉ ሳይቀሩ ጋሪያቸውን አቁመው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ቦጋለ መለከቱን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ጥቂት ቆይቶ ተቀመጠበት፣ ጥቂት ቆይቶ ተነስቶ እስክስታ ወረደ። መለከቱን አንድ ፍየል ስታሸተው ያየ አለ።

ጠሂራ በመጋረጃው ቀዳዳ ላይ እንደቆመች ዋለች። አላጨበጨበችም፤ አልዘፈነችም። ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን እየሰማች ጠርዙን በእጇ ይዛ ቆማለች። አንጀቷ ቅቤ እንደጠጣ ከፊቷ ያየ ሁሉ ያውቃል።

ሙሽራዋ ወጥታ ሰዉ ሲበተን ሐጂ ቡርሃን ወደ እሷ መጡ። ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር።

"ሁለቱም ወገን እኩል ይስማ ብዬሽ ነበር።"

"አዎ ሐጂ።"

"እኩል አልሰሙም።"

ጠሂራ የመጋረጃውን ጠርዝ ለቀቀች።

"እኩል ዘፈኑ" አሉ ሐጂ። "አላህ ቤትሽን ይሙላው። እኔን ያዘፈነ ሰው ከሃያ ዓመት ወዲህ አንቺ ብቻ ነሽ።"

ሙደሲር ወሬው ደርሶት እየሮጠ መጣ። ጥፋቱን ሲሰማ ግንባሩን መታ። "ወይኔ እትዬ ጠሂራ! ሁለቱን ሽቦ ከኋላ ባገናኘው ኖሮ ሁለቱም ሙሉውን ያወጡ ነበር። ቀላል ነው፣ አሁን ላገናኘው።" መፍቻውን አወጣ።

"አትንካው!" አለች ጠሂራ። "እጅህን ከዕቃዬ ላይ አንሳ!"

ስፒከሮቹ በጋሪ ተጭነው ሲመለሱ መንገዱ ሁሉ ይጠራት ነበር። ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ሰው ጠብቋታል። አንዱ ለየካቲት ይፈልጋታል፣ አንዱ ለሚያዝያ። ከአራዳ የመጡም ነበሩ። "ልክ እንደ ሐጂ ሰርግ፤ ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ" ይላሉ። መጋረጃ ኖሮት የማያውቅ አንድ የክርስቲያን ሙሽራ አባት እንኳ፣ "መጋረጃውን እኛ እናሰፋለን" አላት። ጠሂራ ለሁሉም "ኢንሻላህ" እያለች አስገባች፣ አስወጣች። ቦጋለም መጣ፤ ኮፍያውን አውልቆ።

"እትዬ ጠሂራ" አላት። እትዬ ሲላት የመጀመሪያው ነው። "እኔ የምልሽ፣ በሰርጉ መሀል ግጥም የሚያቀብል፣ ሰውን የሚያነቃቃ አፈኛ ሰው አያስፈልግሽም? መለከቱን ትቼ ነው የምመጣ።"

"የጽዳት ዘመቻ ካላወጁብኝ፣ ጋሽ ቦጋለ" አለችው። ቦጋለ በራሱ ላይ ሳቀ።

መጨረሻ ላይ ሸዋገነት ገባች። እጆቿ ሳፋ ከመምታት ብዛት አብጠው ነበር።

"እኔስ?"

"ድስትሽን በሚያዝያ ታገኛለሽ። ከሐጂ ሰርግ በማገኘው መጀመሪያ የምገዛው ቀዩን ድስት ነው።"

"ሙዚቃውስ?"

"ሙዚቃው ያንቺ ነው፤ በነጻ። ሳፋ መቺዬ አይደለሽ?"

"ኧረ ወዲያ!" አለች ሸዋገነት፤ እያለቀሰች እየሳቀች በሩን ዘግታላት ወጣች።

ጠሂራ ከዚያ በኋላ ስንት ሰርግ እንዳደመቀች፣ ድስቷም ሙዚቃዋም እንዴት እንደበዛ የሸማ ተራ ሰው ይናገራል። ያን ቀን ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ነው አልጋዋ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው። ሳጥኖቹ በሯ አጠገብ ቆመዋል። ከመንገዱ የልጆች ጩኸት፣ የጋሪ ድምፅ፣ ከሐጂ ግቢ ደግሞ ገና ያልጠገቡ ሰዎች ጭብጨባ ይመጣል። ራት አልበላችም። ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበች፤ ስለ አራቱ አላሰበችም፣ ስለ ሁለቱም አላሰበችም። መንደሩ ሁሉ ገና በእግሩ ሳለ ጠሂራ እንቅልፍ ወሰዳት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር።